ድንቼ ለምን ይለሰልሳል?

ጥያቄ፦ በኤር ፍራየር የምጠብሰው ድንች ላዩ ደርቆ አይቆረጠምም፤ በርበሬውም አርሮ ይመርራል። ምን ላድርግ? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የተከተፈውን ድንች ለ30 ደቂቃ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈው ካጠለሉ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ በሚገባ ያድርቁት። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ማድረቅ ነው፤ ምክንያቱም መሣሪያው የሚጠብሰው በሚዘዋወር ትኩስ አየር ስለሆነ፣ በላዩ ያለው ውኃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የድንቹ ገጽ ሊቀላም ሆነ ሊደርቅ አይችልም። ለግማሽ ኪሎ ድንች 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨውና ጥቂት የጥብስ ቅጠል በቂ ነው። ሳይደራርቡ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጥበሱት፤ በመካከሉ ቅርጫቱን ያናውጡት። በርበሬ ቶሎ ስለሚያርር ሊያወጡት 2 ደቂቃ ሲቀረው ይነስንሱበት፤ ሚጥሚጣ ከሆነ ግን ከወጣ በኋላ፣ ገና ትኩስ ሳለ ቢነሰነስ እመርጣለሁ።