ባለቤቴ ወደ ሌላ ጦር ሰፈር ተዛውሮ አከራያችን የውል ማፍረሻ ቅጣት ጠየቀን ላልሽው

ቅጣቱን አትክፈይ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የዝውውር ትእዛዝ የደረሰው ወታደር የቤት ኪራይ ውሉን ያለ ቅጣት እንዲያቋርጥ ይፈቅድለታል፤ አንቺም አብረሽ ፈርመሽ ከሆነ ያንቺም ግዴታ አብሮ ያበቃል።

አከራያችሁን በጽሑፍ አሳውቁት፣ የትእዛዙን ቅጂ አያይዙ። ውሉ የሚያበቃው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ኪራይ ከሚከፈልበት ቀን 30 ቀን በኋላ ነው። ኪራይ ወር በገባ በ1ኛው ቀን የምትከፍሉ ከሆነና ጁን 10 ብታሳውቁት፣ ጁላይ 31 ያበቃል። የተሰበረ በር ካለ ግን እሱ ሌላ ሒሳብ ነው። ካንገራገረ የጦር ሰፈሩ የሕግ ድጋፍ ቢሮ በነጻ ያግዛችኋል።

ደብዳቤውን ተቀባዩ በሚፈርምበት አደራ ፖስታ ላኩት። እኔ ልጅ አዝዬ የአከራያችን ደጅ ድረስ ሄጄ በእጁ ሰጠሁት፤ ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ። በኋላ «አላየሁም» ብሎ የአንድ ወር ኪራይ አስከፈለን።