ከድሬ ጠይቁኝ፦ የሠርግ ቀሚስ፣ የሰፈር ሱቅና የአባት ካሴቶች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሹ ስለ ልብስ ነው፣ ሠርግ ሲደርስ ሁሌም እንደዚሁ ነው። "ዋጋውን ንገሪን" ያላችሁኝ ይቅርታ፣ ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ መጽሔቱ ታትሞ እጃችሁ እስኪገባ ተቀይሮ ይጠብቃችኋል ከዛ ከባለሱቅ ጋር እኔ ነኝ የማጣላችሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነሽ? የአጎቴ ልጅ ሠርግ ወር አልቀረውም። ሚዜ አይደለሁም ግን ቅርብ ዘመድ ስለሆንኩ ሰው ያየኛል። ጓደኞቼ ኦንላይን ነው የሚያዙት፣ እኔ ደሞዜ ለሱ አይበቃም። ቦንዳ ልፈልግ ወይስ ጨርቅ ገዝቼ ላሰፋ? ባለፈው ሠርግ የለበስኩት ቀሚስ ላብ በላብ አድርጎኝ ነው ያመሸሁት፣ ስጨፍር ራሱ ደብሮኝ ነበር። *(የሳቢያኗ)*

መልስ፦ አቦ የኔ ቆንጆ አሰፊ! ቦንዳን ንቄ አይደለም፣ ለጂንስና ለጃኬት ከቦንዳ ሌላ አልመክርሽም፣ ግን የሠርግ ቀሚስ ከቦንዳ ውስጥ በልክሽ ማግኘት የእድል ጉዳይ ነው አንቺ ደሞ ቀን ተቆርጦብሻል። ኦንላይን የሚታዘዘውም ፎቶው ላይ ሐር መስሎ እጅ ሲገባ ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው፣ ባለፈው ያቃጠለሽም እሱ ይመስለኛል። ፖሊስተር ላብ አይመጥጥም፣ ላቡ እዛው ቆዳሽ ላይ ይቀራል፣ በድሬ ሙቀት ድንኳን ውስጥ ደሞ ምን እንደሚሆን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ጨርቁን መጋላ ገበያ ውስጥ በሜትር ከሚቆርጡት ሱቆች ግዢ፣ በጠዋት ሂጂ፣ ከምሳ በኋላ ድሬ መዘጋጋቷን አትርሺ፣ እስከ 10 ሰዓት ድረስ በር ስትቆጥሪ እንዳትውዪ። ባለሱቁ "ንጹህ ጥጥ ነው" ይልሻል፣ የማይል የለም። ከጠርዙ ሁለት ክር ስጠኝ በይውና ውጪ ወጥተሽ ክብሪት ለኩሺበት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ቦግ ብሎ ይነዳል፣ ሽታውም የወረቀት ነው፣ አመዱን በጣትሽ ስትነኪው ይበናል። ፖሊስተር ከሆነ ግን ይኮማተርና ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጠጠር የምታህል ጠንካራ ነገር ጫፉ ላይ ትቀራለች። ቪስኮስ የሚባለው ጨርቅም እንደ ጥጥ ነው የሚነደው፣ እሱም ይሆናል፣ እንዲያውም ሲለበስ ሸርተት ብሎ ስለሚወርድ ለሠርግ ያምራል፣ ብቻ ውሃ ሲነካው ጥንካሬው ስለሚቀንስ ስታጥቢው አትጭመቂው። ቀለሙንም ሱቅ ውስጥ ባለው መብራት አትመኚ፣ ደጅ አውጥተሽ ፀሐይ ላይ እዪው፣ አምፖል ስር ወይን ጠጅ የነበረው ውጪ ሲወጣ ቡናማ ይሆንብሻል።

ወርዱን ጠይቂ። ሰው ሁሉ ስንት ሜትር ይበቃኛል ብሎ ብቻ ነው የሚጨነቀው፣ አንዱ ጨርቅ ወርዱ 1 ሜትር ከ10 ነው ሌላው 1 ሜትር ከ50፣ ለአንድ ቀሚስ የሚያስፈልገው ሜትር በዚህ ይለያያል። ጥጥ ከሆነ ደሞ ሰፊው ጋ ከመውሰድሽ በፊት ዘፍዝፈሽ ጥላ ላይ አድርቂው፣ የሚያጥር ከሆነ ሳይሰፋ ይጠር።

አሁን ዋናው ነገር ገበሩ ነው። ስንቷ ናት ከላይ ደህና ጥጥ ገዝታ ከስር ሰፊው ያለውን የሚያንሸራትት ፖሊስተር ገበር አስገብቶላት "ጥጥም እኮ ይሞቃል" የምትለው! ቆዳሽን የሚነካው ገበሩ ነዋ። ስስ ነጭ ጥጥ ራስሽ ገዝተሽ ስጪው፣ ወይ ደሞ ጨርቁ የማያሳይ ከሆነ ከወገብ በላይ ገበሩን ተዪውና ከስር ጎግራ (የውስጥ ጉርድ) ልበሺ፣ ድሪያ (ስስ ሰፊ ቀሚስ) የምትለብሺ የድሬ ልጅ ይሄን እኔ አልነግርሽም።

ሰፊውን በተመለከተ፣ ከስልክሽ ላይ የሆነች አርቲስት ፎቶ አሳይተሽው "እንደዚ" ብለሽ አትምጪ። በልክሽ የሆነ አንድ ቀሚስ ይዘሽ ሂጂ፣ ከሱ ይለካ፣ ፎቶው ለአንገቱና ለእጅጌው ይሁን። ስፌቱ ውስጥ ትርፍ እንዲተውልሽ ንገሪው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሠርግ ብትወፍሪ ይለቀቃል። ሳይጨርሰው አንዴ ለክተሽ እዪ፣ እጅሽን ወደ ላይ አንስተሽ እዪ፣ ቁመሽ ብቻ ሳይሆን ተቀምጠሽም። ሠርጉንም ከትክክለኛው ቀን ትንሽ አስቀድመሽ ንገሪው፣ ውሸት ነው አውቃለሁ፣ ግን ሰፊና "ነገ ነይ" አይለያዩም።

ጥያቄ፦ ለስራ ከአዲስ አበባ ድሬ ከመጣሁ ትንሽ ጊዜ ነው። ልብሴ በሙሉ ጂንስና ጥቁር ቲሸርት ነው፣ ሰፈር ውስጥ ወንዶቹ ሽርጥ አድርገው ሱቅ ድረስ ይወጣሉ። እኔ ባደርግ ይስቁብኛል? *(ግራ የገባው የከዚራ ተከራይ)*

መልስ፦ የመጀመሪያ ቀን ይስቃሉ፣ በሁለተኛው ቀን ጫት ቤት ይጋብዙሃል። ጥጡን ግዛ፣ ጫፍና ጫፉ ያልተገጠመ ከሆነ ሰፊ ጋ ወስደህ አስገጥመው። አስተሳሰሩን ግን ከጎረቤትህ ሽማግሌ ተማር፣ ግራና ቀኙን እጠፍ አድርጎ ወገብ ላይ ወደ ውጪ መጠቅለል ነው፣ ጥብቅ ካላልከው ገበያ መሐል ይጥልሃል፣ ያኔ ሳቁ አይቀርልህም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከስሩ ቁምጣ ልበስ። ቢሮ ግን በሱሪ ነው። ጥቁር ቲሸርቶቹንም ለአዲስ አበባ ጉዞህ አስቀምጣቸው፣ እዚህ ነጭና ሰፋ ያለ ሸሚዝ ነው የሚያዋጣህ።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ውስጥ ልብስ የምትሸጠው ጎረቤታችን ናት፣ ሰላምታችንም ቡናችንም አንድ ነው። ግን ያው እቃ ታይዋን ገበያ ትንሽ ይረክሳል። ብከራከራት ይሉኝታ ይይዘኛል፣ ሌላ ቦታ ገዝቼ ለብሼ ባልፍባት ደሞ ታኮርፋለች። ምን ይሻላል? *(የገንደ ቆሬ እናት)*

መልስ፦ እህቴ ይሄን ጥያቄ ግማሽ ድሬ ነው የሚጠይቀው። መጀመሪያ ሂሳቡን በደንብ እንስራው። ታይዋን ደርሶ መልስ የባጃጅ አለ፣ ፀሐዩ አለ፣ ልጅ ይዘሽ ከሄድሽ ጁስ አለ፣ እዛ ደርሰሽ ደሞ ያላሰብሽውን ሁለት እቃ ገዝተሽ እንደምትመለሺ አንቺም እኔም እናውቃለን። ለአንዲት የልጅ ካልሲ ከሆነ ልዩነቱ ባጃጁ ላይ አለቀ። ለበዓል የአራት ልጅ ልብስ ከሆነ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ሂጂ፣ ማንም ሊቀየምሽ አይገባም።

ጎረቤትሽ ታይዋን የማይሰጡሽን ነገር ትሰጥሻለች፣ ልጁ ሲጠበው ትቀይርልሻለች፣ ወር እስኪደርስ በዱቤ ትይዝልሻለች፣ "ቁጥር 38 ነጠላ ጫማ ሲመጣልሽ አስቀምጪልኝ" ብትያት ታስቀምጥልሻለች። ይሄን የምትጠቀሚበት ከሆነ ትንሿ ጭማሪ አግባብ ነው። የማትጠቀሚበት ከሆነ ግን ጭማሪውን በከንቱ ነው የምትከፍያት። መከራከሩን በተመለከተ፣ ነውር የሚሆነው ሌላ ደንበኛ ፊት ሲሆን ነው፣ ለአንቺ ከቀነሰችልሽ የቆመችውም ትጠይቃታለች። ሱቁ ጭር ሲል ግቢና "ታይዋን በዚህ ያህል ሲሉ ሰማሁ፣ አንቺ ጋ መግዛት ስለምፈልግ ነው፣ ሁለት ብወስድ እንዴት ታደርጊልኛለሽ" በያት፣ አንዴ ጠይቂ፣ መልሷን ተቀበዪ፣ አትነታረኪያት።

ግን አንድ ነገር ልበል፣ እቃው የማይረባ ከሆነ ጉርብትና ብለሽ አትግዢ። አንዴ ታጥቦ የሚለቅ ልብስ የሸጠችልሽ ጎረቤት ደብቃሽ ብትስቅ እንጂ አታከብርሽም፣ ወስደሽ አሳያት፣ ደህና ነጋዴ ከሆነች ትቀይርልሻለች።

ጥያቄ፦ ለተከበርሽ አዘጋጅ፣ እድሜዬ ወደ ስልሳ ነው። አባቴ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ትተውልኛል፣ የአሊ ቢራ፣ የሐረሪ፣ የሱማሌ፣ የየመን ዘፈን ሁሉ አለው። እኔ ኦሮምኛውን እሰማለሁ እንጂ ሌላውን ብዙ አላውቅም፣ ግን ሲከፈት ቤቱ ሁሉ ይለወጣል። ልጆቼ "ስልክ ላይ ሁሉም አለ" ይሉኛል፣ ፈልጌ ያጣኋቸው ግን ብዙ ናቸው። ወደ ፍላሽ ማስገልበጥ ይቻላል? *(የለገሀሬ አባት)*

መልስ፦ ጋሼ ይቻላል፣ ደሞም ቶሎ ያድርጉት። ልጆችዎ አልተሳሳቱም፣ ግን ግማሹን ነው ያዩት፣ የታወቁት ዘፈኖች ስልክ ላይ አሉ፣ ሠርግ ላይ የተቀዳ ወይ ከሰው ካሴት ላይ የተገለበጠ ከሆነ ግን የእርስዎ ካርቶን ውስጥ ያለው ብቸኛው ሊሆን ይችላል።

ካርቶኑን መጀመሪያ ከቆርቆሮ ጣሪያ ስርና ከፀሐይ ያውጡልኝ፣ ካሴትን እንደ ሙቀት የሚጎዳው የለም፣ ከድምጽ ማጉያም ያርቁት ማግኔት አለው። የሚሰራ ቴፕ ከጎረቤት ይዋሱ። ካሴት ሳያስገቡ የቴፑን ሄድ (የካሴቱ ክር የሚነካውን ብረት) በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጥረጉ፣ ቡናማ ዝቃጭ ሲወጣ ያዩታል፣ ድምጹን የሚያፍነው እሱ ነው። ከዛ የማያሳስብዎትን አንድ ካሴት አስገብተው ይሞክሩ፣ ቴፑ ክር የሚበላ ከሆነ ያ ይበላ እንጂ የአባትዎ አይበላ። ለብዙ ዓመት ያልተከፈተ ካሴት ወዲያው ከማጫወት አንዴ እስከ ጫፍ ጠምዝዞ መመለስ ጥሩ ነው፣ የተጣበቀው ይላቀቃል። ከላይ ነጭ ሻጋታ ካዩበት ግን አያስገቡት፣ ሄዱን አልፎ ሌላውንም ያበላሻል፣ ለብቻ ያስቀምጡት።

መገልበጡ ከባድ አይደለም፣ ከቴፑ የማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ መቅጃ ቀዳዳ የሚገባ ሁለት ጫፍ ጃክ ነው የሚያስፈልገው። ድምጹን እስከ ጫፍ አይክፈቱት ይሰነጠቃል። በዌቭ (ድምጹ ሳይታመቅ በሚቀመጥበት ፋይል) ይቀዳ፣ ለስልክና ለፍላሽ ደሞ ከሱ ላይ ኤምፒስሪ ይወጣል፣ ዋናውን አያጥፉት። ሙዚቃ ቤት ወስደው የሚያሰሩ ከሆነ እዛው ቁጭ ብለው ያሰሩ፣ ካርቶኑን ጥለው አይሂዱ። ካሴቱ ላይ አባትዎ በእጃቸው የጻፉት ካለ በስልክ ፎቶ አንስተው ከዘፈኑ ጋር ያስቀምጡት፣ "ትራክ 01" ብሎ የተቀመጠ ዘፈን የማን እንደሆነ ከዓመት በኋላ ማንም አያውቀውም።

አሊ ቢራን ካነሱ አይቀር ለልጆቹ ይንገሯቸው፣ ብዙ የዛሬ ልጅ ሐውልት እንጂ የሰፈር ልጅ አይመስለውም። ስሙ አሊ መሐመድ ሙሳ ነበር፣ እዚሁ ድሬ ተወልዶ በልጅነቱ አፍረን ቀሎ በሚባለው የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ነው የጀመረው፣ ቢራ የተባለውም መድረክ ላይ መጀመሪያ በዘፈነው ዘፈን ነው። በኋላ ክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍልም ገብቷል። ኡድ የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ ይዞ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሱማሌኛ፣ በአረብኛ፣ በአማርኛ ዘፍኗል፣ ይሄ ለሌላ አገር ሰው ተአምር ነው፣ ለድሬ ሰው ግን ከቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ገዝቶ እስኪመለስ የሚሰማው ቋንቋ ነው። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም ሲያርፍም ድሬ ነው የተቀበረው። ቋንቋው ባይገባቸውም ልጆቹን ኡዱን አስከትለው ያሰሟቸው፣ ግጥሙን እርስዎ ይተርጉሙላቸው። የሐረሪውን ደሞ የሚያውቅ ጎረቤት አይጠፋም፣ ቡና አፍልተው ይጥሩ።

ጥያቄ፦ ለአንድ ቀን ሐረር ልወጣ ነው። ልብስ ለማሰፋት የት ልሂድ? *(ቸኩያለሁ)*

መልስ፦ ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወርደውን መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ ያዢ፣ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ነው የሚሰሩት። ዚፕ መቀየር፣ ሱሪ ማሳጠር፣ ጎን ማጥበብ እየጠበቅሽ ይጨርሱልሻል፣ ሙሉ ቀሚስ ግን በአንድ ቀን ብለሽ አትጨቃጨቂ። ዋጋውን ከመቀመጥሽ በፊት ተነጋገሪ፣ ክሩንም ከጨርቁ ጎን አስቀምጠሽ እዪ። መንገድ ላይ ከደንገጎ ዳገት በላይ ብርድ ነው፣ ነጠላ ወይ ሻሽ ያዢ፣ በድሬ ልብስ ወጥተሽ ማታ ስትመለሺ ሚኒባስ ውስጥ እንዳትንቀጠቀጪ።