የልጅ ቁጥር በሕግ ይገደብ ላልከው

ወንድሜ፣ «እኛስ እንደ ቻይና የልጅ ቁጥር በሕግ ብንገድብ ምን ችግር አለው?» ብለሃል። ችግሩ እዚያው ቻይና ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1980 ገደማ እስከ 2015 ለከተሜው አንድ ልጅ ብቻ ተባለ፤ ገጠር ላይ ትንሽ ላላ ይል ነበር። ትርፍ የወለደ ይቀጣል። በግድ እንዲያስወርዱ የተደረጉ ሴቶች ብዙ ናቸው። «አንድ ከሆነስ ወንድ ይሁን» ያለውም በዛ፤ ዛሬ ሚስት ያጣው ወንድ በሚሊዮን ነው። በ2021 ሦስት ውለዱ ቢባል ማን ይስማ!

እኛ ጋ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ የወጣው በ1985 ዓ.ም. ነው። አስገዳጅ አይደለም። ዕቅዱ አንዲት እናት በአማካይ የምትወልደውን ከ7.7 ወደ 4 ማውረድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት 4.6 ደርሷል፤ አዲስ አበባ ግን 1.8። በእኔ ግምት ከተማውን የገደበው የቤት ኪራይ ነው።

እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ጎረቤቴ ስቱዲዮ ውስጥ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። እናቷ ከገጠር በመጡ ቁጥር «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እያሉ ይጨቀጭቋታል። እሷ ክንዷ ላይ የተቀበረውን መከላከያ እየዳበሰች ትስቃለች። «እሺ እማዬ፣ ፍራሹን የት ላንጥፈው?»