ክራሽ ባንዲኩት ታድሶ ሲመጣ ዝላዩ ለምን ከበደ?

የጌም አምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የዝላይ ጌሙን ክራሽ ባንዲኩትን በልጅነቴ በመጀመሪያው ፕሌስቴሽን ተጫውቼ ጨርሼዋለሁ። ታድሶ የወጣውን «ኤን ሴን ትሪሎጂ» በፕሌስቴሽን 4 ስጀምረው ግን ድሮ ያለ ሐሳብ የምሻገራቸው ጉድጓዶች ውስጥ ደጋግሜ እወድቃለሁ። እጄ ነው የፈዘዘው ወይስ ጌሙ ተቀይሯል?

መልስ፦ ጌሙ ተቀይሯል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ጥቅል ሪማስተር (የታደሰ ቅጂ) ይባል እንጂ የድሮው ጌም ላይ ቀለም የተቀባበት ሥራ አይደለም። ቪካሪየስ ቪዥንስ የተባለው ስቱዲዮ ኖቲ ዶግ በ1996፣ በ1997 እና በ1998 ያወጣቸውን ሦስት ጌሞች ከመሠረታቸው ነው የገነባቸው። የድሮዎቹ ሌቭሎች (የጌሙ ደረጃዎች) ቅርጽ በስቱዲዮው እጅ ስለነበረ መንገዱና ጉድጓዱ ያለበት ቦታ በደንብ ይመሳሰላል። የዋናው ገጸ ባሕሪ የክራሽ አረማመድና አዘላለል ግን አዲስ ነው። ስቱዲዮው ለሦስቱም መነሻ ያደረገው የሦስተኛውን ጌም፣ የ«ዋርፕድ»ን አያያዝ (ክራሽ ለቁልፎቹ የሚታዘዝበትን መንገድ) ሲሆን የዝላዩን ከፍታ ለየጌሙ አስተካክሏል። ይህንንም ራሱ በይፋ ተናግሯል፤ ከድሮው ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቁ ቦታዎች መኖራቸውንም አልደበቀም።

እግርዎን የሚያታልሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው አወራረዱ ነው፤ ክራሽ ጫፍ ላይ ከደረሰ በኋላ ከድሮው ፈጥኖ ይወርዳል። ሁለተኛውና የከፋው የአካሉ ቅርጽ ነው። ጌሙ «ነካ ወይስ አልነካ» ብሎ የሚያሰላበት፣ ለዓይን የማይታይ ቅርጽ አለ። በድሮው ጌም ይህ ቅርጽ ታቹ ጠፍጣፋ ስለነበር የጫማው ጫፍ ድንጋዩን ከነካ ክራሽ ቆመ ማለት ነው። በአዲሱ ግን ታቹ እንደ መድኃኒት እንክብል ክብ ነው። ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ቀስ ብሎ ይንሸራተትና ይወድቃል። ልብ ብለው ቢያዩት እግሩ ድንጋዩን ነክቶ ሳለ ወደ ጎን ሲያዳልጠው ይታያል።

ስለዚህ ለጠርዙ ሳይሆን ለመካከሉ ይዝለሉ። ሩጫዎን ሳያቋርጡ ከጠርዙ ጥቂት ሲቀርዎት ይነሱ፤ የኤክስ ቁልፉንም እስከ ዝላዩ ጫፍ ድረስ ተጭነው ይቆዩ፣ ነካ አድርጎ መልቀቅ ዝላዩን ያሳጥረዋል። አየር ላይ ሳሉ ዓይንዎ ከክራሽ ይልቅ መሬት ላይ ያለውን ጥላውን ይከተል፤ የት እንደሚያርፍ የሚነግርዎት ጥላው ነው።

ጥያቄ፦ «ዘ ሃይ ሮድ» የተባለው የገመድ ድልድይ አሥር ነፍስ በልቶብኛል። ዘዴው ምንድን ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጌም ትልቁ ፈተና ይህና ወንድሙ «ሮድ ቱ ኖዌር» ናቸው። ጠባብ ሳንቃ፣ ሲረገጥ የሚወድቅ ጣውላ፣ ከፊት የሚመጣ ከርከሮ፣ በዚያ ላይ የእንክብሉ ችግር። መጀመሪያ አናሎጉን (በአውራ ጣት የሚገፋውን ዘንግ) ትተው በአቅጣጫ ቁልፎቹ ይጫወቱ። ያረጀ ጆይስቲክ አናሎጉ ትንሽም ቢሆን ወደ ጎን ይስባል፤ ሰፊ መንገድ ላይ አይታወቅም፣ ድልድይ ላይ ግን ይገድላል። የላይኛውን አቅጣጫ ተጭነው ከያዙ ክራሽ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ዔሊዎቹ ያሉበት ቦታ ላይ አይቸኩሉ። ዔሊዋን አንድ ጊዜ ሲረግጧት በጀርባዋ ትገለበጣለች፤ ከዚያ በኋላ እንደ መንጠሪያ ትሆናለች። ሆዷ ላይ ሲያርፉ ኤክስን ተጭነው ከያዙ ሩቁን ክፍተት የሚያሻግር ከፍታ ያገኛሉ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ሲያርፍ ቁልፉን ስለሚለቅ ነው።

ሌላም መንገድ አለ፦ በድልድዩ ጎን ያለው ገመድ ላይ ወጥቶ መራመድ። በድሮው ጌም ይሠራ ነበር፣ በአዲሱም ይሠራል። ሌቭሉን ማለፍ ብቻ ከፈለጉ ይጠቀሙበት። ዕንቁውን (የሌቭሉን ሽልማት) ከፈለጉ ግን ሣጥኖቹን ሁሉ መስበር ስላለብዎት ወደ ሳንቃው መመለስዎ አይቀርም። ደግነቱ በአዲሱ ሕግ ሳይሞቱ መጨረስ የሚጠበቅብዎ ለስድስቱ ባለቀለም ዕንቁዎች ብቻ ነው። የዚህ ሌቭል ዕንቁ ነጩ ስለሆነ ቢሞቱም ይቆጠርልዎታል።

ጥያቄ፦ ለዘጠኝ ዓመት ልጄ ልገዛለት አስቤአለሁ። በየትኛው ማሽን ይሻላል? ከየትኛው ጌም ይጀምር?

መልስ፦ ከሦስተኛው። የሠሩት ሰዎችም አዲስ ተጫዋች በ«ዋርፕድ» ጀምሮ ወደ ኋላ እንዲሄድ ነው የመከሩት። አያያዙ የተቀዳው ከእሱ ስለሆነ ሌቭሎቹና ዝላዩ ይስማማሉ፤ ሁለተኛው አለቃ (በየምዕራፉ መጨረሻ የሚገጥም ኃያል ጠላት) ሲሸነፍም አየር ላይ ሳሉ እንደገና የሚያስዘልል ድርብ ዝላይ ይገኛል። ልጅዎን በመጀመሪያው ጌም አያስጀምሩት፣ ተናድዶ ይተወዋል።

ማሽኑን በተመለከተ፣ በፕሌስቴሽን 4 ሥዕሉ በሰከንድ 30 ጊዜ ይታደሳል፣ በኮምፒውተር ግን 60 ጊዜ። ለዝላይ ጌም ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በ30 እያንዳንዱ ሥዕል 33 ሚሊሰከንድ ገደማ ይቆያል፣ በ60 ግን 17 ገደማ። 8 ጊጋባይት ራም፣ መካከለኛ የግራፊክስ ካርድና 30 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው ኮምፒውተር ካለዎት እሱን እመርጣለሁ፤ ጆይስቲክ መግዛት ግን አይርሱ፣ በኪቦርድ ስቃይ ነው። የኒንቴንዶ ስዊቹ ይዞ ለመዞር ይመቻል፣ ሥዕሉ ግን ከሁሉም ደብዛዛ ነው።

ማሽኑ የትኛውም ይሁን፣ የቴሌቪዥኑን ሴቲንግ ከፍተው በሥዕል ክፍል ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚለውን ያብሩ። ቴሌቪዥኑ ሥዕል ሲያሳምር የሚያጠፋው ጊዜ በአንዳንዱ ከ100 ሚሊሰከንድ ያልፋል፤ ልጁ በሰዓቱ ዘልሎ እንኳ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ በአጭሩ፣ እድሳቱ ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም?

መልስ፦ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተሳክተዋል። የመጀመሪያው ግማሹ ነው የተሳካው።

በድሮው የመጀመሪያ ጌም ሴቭ ለማድረግ የቦነስ ዙር መጨረስ ወይም ዕንቁ ማግኘት ግድ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ተጫውቶ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ከንቱ ይሆናል። አሁን ጌሙ ራሱ ያስቀምጥልዎታል። የክራሽ እህት ኮኮም የመጀመሪያው አለቃ ከተሸነፈ በኋላ በአብዛኞቹ ሌቭሎች ትጫወታለች። በ1996 ከበደ ተብሎ የተተወው «ስቶርሚ አሴንት» የተባለ ሌቭልም ተሠርቶ ወጥቷል፤ ለድሮ ወዳጆች ትልቅ ስጦታ ነው። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው።

ዝላዩ ግን ይቆጨናል። የመጀመሪያው ጌም ክፍተቶች በሴንቲሜትር የተለኩት ለጠፍጣፋው እግርና ለቀስታው አወራረድ ነበር። ክፍተቶቹን እንዳሉ ትቶ እግሩን መቀየር ስህተት ነበር፤ እግሩ ከተቀየረ «ዘ ሃይ ሮድ» ላይ ያሉት ሳንቃዎች ጥቂት መስፋት ነበረባቸው።