ሁሉንም ደስታ ለባሕር ዳር የሚያስቀምጠው ባል

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ? የምጽፈው ከሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ከተጋባን ሁለት ዓመት አልፎናል፣ ልጅ ገና አልወለድንም። እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ፣ ባለቤቴ የባሕር ዳር። ጥሩ ሰው ነው፣ አይጠጣም፣ ሥራውን ይወዳል። ግን አብረን የትም አንወጣም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ከዚያ ኳስ። እሁድ እኔ ልብስ አጥባለሁ፣ እሱ ይተኛል። «ትንሽ ወጣ ብለን እንምጣ» ስለው «ብር እናጠራቅም፣ ለጥምቀት ባሕር ዳር ስንሄድ እንዝናናለን» ይለኛል። ባለፈው ጥምቀት ሄድን። ከአክስቱ ቤት አጎቱ ቤት፣ ከአጎቱ ቤት የክርስትና እናቱ ቤት፣ ስንበላ ከርመን ተመለስን። ጣናን ያየሁት ከመኪና መስኮት ነው። ለልደቴ ደግሞ አንድ ትልቅ ሪዞርት ወስዶኝ ሂሳቡ ሲመጣ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ቤት እስክንደርስ አልተነጋገርንም። እኔ እኮ ሪዞርት ውሰደኝ አላልኩም። ምን ባደርግ ይሻላል?

ሰ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ «ሪዞርት አላልኩም» ያልሽውን ለእሱ በግልጽ ነግረሽዋል? ብዙ ወንድ ሚስቱ «እንውጣ» ስትለው ቶሎ የሚታየው ወጪው ነው። ታክሲው፣ ምሳው፣ መጠጡ፣ ለአስተናጋጅ የሚተወው፣ ሁሉንም በሆዱ ይደምርና «ለጥምቀት» ብሎ ይገላገላል። ስለዚህ በደፈናው «እንውጣ» አትበይው። ቦታውን፣ ሰዓቱንና የምታወጡትን ብር ቆርጠሽ ንገሪው። «እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ በልተን አራት ሰዓት ሳይሞላ ቤት እንገባለን» ስትይው ነገሩ ትንሽ መሆኑ ይገባዋል። እምቢ ማለትም ይከብደዋል።

እሁድ ጠዋት ያልኩሽ ያለ ምክንያት አይደለም። የእንግሊዝ ኳስ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው የሚጀምረው። ከኳሱ ጋር አትጣዪ። ኳስ ወዳጅን ጨዋታ አስጥለሽ ብታወጪው ልቡ ዲኤስቲቪ ቤት ነው የሚቀረው፣ አንቺም ትናደጃለሽ። ቅዳሴ የምትሄዱ ከሆነም ከቅዳሴ መልስ ብታደርጉት ይደርሳል።

አሞራ ገደልን የሐዋሳ ልጅ ነሽና ታውቂዋለሽ፣ ግን የሐዋሳ ሰው እንግዳ ሲመጣ ካልሆነ አይሄድም። ጠዋት ላይ ሂዱ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሰብስበው በጀልባ ይመጣሉ፣ ዳር ላይ ዓሣው ይገፈፋል፣ አባ ኮዳዎቹ እግራቸውን ተክለው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ፣ ዛፉ ላይ ጦጣና ጉሬዛ አለ። ቆሮሶ አስጠብሳችሁ በዳጣ ትበላላችሁ። ዋጋውን ዓሣው መጥበሻ ሳይገባ ጠይቁ፤ ባልሽ ሂሳብ ሲመጣ የሚደነግጥ ሰው ከሆነ ይቺ ትንሽ ጥንቃቄ ቀኑን ታድናለች። ጥሬ ዓሣ እዚያ ብዙ ሰው የሚወደው ነገር ነው፣ እናንተ ግን ልጅ እያሰባችሁ ከሆነ የበሰለውን ብዪ። ምግባችሁንም ከጦጣ ጠብቁ፣ ከእጅ ላይ ነው የምትነጥቀው።

በሥራ ቀንም አንድ ምሽት ያዙ። ሐዋሳ የተቆረቆረችው በሐይቁ ምሥራቅ ዳር ነው፣ ስለዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው ፊት ለፊት፣ ውሃው ላይ ነው። ይህን ለማየት ሰው ከሩቅ ከተማ ሆቴል ይዞ ይመጣል፣ እናንተ በባጃጅ ትደርሳላችሁ። ከሥራ ሲወጣ ፍቅር ሐይቅ ተቃጠሩ። ቤት ገብቶ ጫማውን ካወለቀ በኋላ ማስወጣት ከባድ ስለሆነ በቀጥታ ከሥራው ቢመጣ ነው የሚሻለው። ጀበና ቡና ጠጡ፣ በክረምት የበቆሎ ጥብስ አለ፣ ትንሽ በእግር ሂዱ፣ ወደ ቤት። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ከመሸ በኋላ ሰው ከሌለበት ሳርና ቄጠማ ዳር አትቀመጡ። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ከውሃ ይወጣል፣ ቀልድ የለበትም።

ጀልባ ካማራችሁ ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ዋጋውንና የቆይታ ሰዓቱን ሳትሳፈሩ ተስማሙ፣ ላይፍ ጃኬት ጠይቁ፣ ባለ ጀልባው «ጉማሬውን ጠጋ ብለን እንይ» ካለ አይሆንም በሉት። ታቦር ተራራም አለላችሁ፣ ከተማውም ሐይቁም ከላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰው በሚበዛበት በማለዳ ውጡ፣ ውሃ ያዙ፣ ሳይመሽ ውረዱ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እንደሚመስለኝ ባልሽ የናፈቀው አገሩን ነው። «ባሕር ዳር ስንሄድ እንዝናናለን» ሲል ስስታም ሆኖ አይደለም፣ ደስታ ማለት ለእሱ እዚያ ነው ያለው። ስለዚህ አንድ ምሽት ሐይቅ ዳር ተቀምጣችሁ ጠይቂው። ልጅ እያለህ ከጓደኞችህ ጋር የት ትሄድ ነበር? ሳይክል ትነዳ ነበር? የት ትዋኝ ነበር? መናገር ሲጀምር ታያለሽ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የሐዋሳ ሐይቅ 90 ገደማ ነው፤ በስፋት ላወዳድር ካለ ያሸንፍሻል፣ ተዪው ያሸንፍ። ግን ሁለቱ ከተሞች ሜዳ ናቸው፣ ሁለቱም ለሳይክል የተሠሩ ይመስላሉ፣ ሁለቱም መንገዳቸው ውሃ ላይ ያደርሳል። እዚያ ያደርግ የነበረውን እዚህ ከአንቺ ጋር ማድረግ ይችላል።

አንቺም የራስሽን አሳዪው። ፍቼ ጨምበላላ ሲከበር ጉዱማሌ ወስደሽው ታውቂያለሽ? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል ነው፣ ቀኑን ኮከብ የሚቆጥሩት አያንቱዎች ይወስኑታል፣ የሚከበረው ደግሞ ከእናንተ ቤት ባጃጅ በሚያደርስ ቦታ ነው። ለጥምቀት ያን ያህል መንገድ የሚሄድ ሰው አጠገቡ ያለውን ይህን በዓል ሳያይ መኖሩ ያሳዝነኛል። የሲዳማን የቆጮ ምግብ፣ ቡርሳሜንም አብዪው።

ቀጣዩን የባሕር ዳር ጉዞ ደግሞ እንደ ባለፈው እንዳይሆን ከአሁኑ አስቡበት። ዘመድ መጠየቅ ግዴታ ነው፣ ካልሄዳችሁ ይቀየማሉ፣ ያንን አልከለክልሽም። መፍትሔው አማትሽ ናቸው። ገና ከዚህ ሳትነሱ በስልክ «እማማ፣ ሁለት ጠዋት ብቻ ከእሱ ጋር ጣናን ልይ» በያቸው። እሳቸው ከፈቀዱ አክስትም አጎትም አይናገርም። ምሳና እራቱ ለዘመድ ይሁን፣ ማለዳው የእናንተ።

አንዱን ማለዳ ለዘጌ አድርጉት። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ወርዳችሁ በቡና ጫካው መሐል በእግር ትሄዳላችሁ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ትሳለማላችሁ፣ የግድግዳ ሥዕሎቿን ረጋ ብላችሁ እዩ። ነጠላ ያዢ። ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት እንደማይገባ ደግሞ ቀድመሽ እወቂ፣ አለዚያ እሱ ሲሳለም አንቺ ጀልባው ላይ ትቀሪያለሽ። ሁለተኛውን ማለዳ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ውጡ፣ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲሄድ ከዚያ ይታያል። ዳሩ ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎችም ታያላችሁ። ከሰዓት ቢተርፋችሁ ሳይክል ይዛችሁ በዘንባባዎቹ ሥር ዙሩ፣ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል።

ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፏፏቴው 45 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፣ ግን የሚያምረው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። በጥር ውሃው ይሳሳል፣ በፎቶ ያየሽውን አትጠብቂ። ያም ሆኖ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ለመሻገር ብቻ ብትሄዱ አያስቆጭም። ጎንደርን በዚሁ ጉዞ ላይ አትጨምሩ ባይ ነኝ። 180 ኪሎ ሜትር ነው፣ የፋሲል ግቢ ራሱ አንድ ቀን ይፈልጋል፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አለ፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ቁስቋም አለ፣ ጥር 11 የፋሲል መዋኛ ላይ የሚሆነውንም ከሩጫ ጋር ማየት አይቻልም። ሌላ ጊዜ ለብቻው ሂዱ። የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ ሳትነሱ እዚያ ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ፣ ከሩቅ ሆነን ከምንገምት እነሱ ያውቃሉ። ካላስተማመነ በአዲስ አበባ በኩል በአውሮፕላን ነው፣ እሱ ወጪ ስላለው ማጠራቀሙ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ልብስ ማጠቡን ረስቼው አይደለም። እሁድ ሙሉ አንቺ እያጠብሽ እሱ ከተኛ ጠዋቱ አይገኝም። ቅዳሜ ከኳስ በፊት አብራችሁ እጠቡ፣ እሱ ውሃ ይቅዳ፣ ያስጣ። ይህን ስትነግሪው ሳትቆጪ ንገሪው፣ ግን ንገሪው።

ጥያቄ፦ ሚስቴ ጾም አጥብቃ ትጾማለች። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ከዚያ ሌሎቹ ጾሞች አሉ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። ሐዋሳ ውስጥ መውጣት ማለት ዓሣና ሥጋ ነው። እኔ ብቻዬን እየበላሁ እሷን ላስቀምጣት አልፈልግም። የት ልውሰዳት?

ተ.፣ ከሐዋሳ ፒያሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ማሰብህ ራሱ ያስመሰግንሃል። ዓሣን በጾም የሚበላ አለ፣ የማይበላ አለ፣ አንተ የእሷን ልማድ ተከተል እንጂ «ዓሣ እኮ ይፈቀዳል» ብለህ አትከራከራት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ከሆነ ከዘጠኝ በኋላ ውጡ። በያይነቱ የማይሠራ ቤት የለም፣ የሲዳማ አቮካዶና አናናስ ደግሞ ጾምም ፍስክም አያውቅም። ጁስ ይዛችሁ ሐይቅ ዳር ተቀመጡ። አንድ ቅዳሜ ሥራ ከሌለህ በሻሸመኔ በኩል ወንዶ ገነት ሂዱ፣ ፍል ውሃው ውስጥ ገብታችሁ በጫካው ጥላ አረፍ በሉ፤ ለዚህ መብላት አያስፈልግም። በሚኒባስ ይደረሳል። ለመመለስ ግን አትዘግዩ፣ ሲመሽ መኪና እንደ ቀኑ አይገኝም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ደግሞ ገብርኤልን ለማንገሥ አብረሃት ውጣ፣ ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ በእግር ሂዱ። ላንተ መዝናኛ ላይመስልህ ይችላል፣ ለእሷ ግን ከማንኛውም ካፌ ይበልጣል፣ አብረሃት መቆምህን ትፈልገዋለች።

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ሕፃን አለን። ከወለድን ወዲህ እኔና ባለቤቴ ስለ ዳይፐር ካልሆነ አናወራም። እናቴ አብራን ናት። ሕፃን ይዞ መውጣት ይከብዳል፣ ትቶ መውጣትም ነገር ያመጣል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የአላሙራዋ እናት

መልስ፦ እናትሽ ቤት ካሉ ትልቅ ሀብት አለሽ። አጥብተሽው ከተኛ በኋላ ለአንድ ሰዓት ውጡ። ከዚያ በላይ አትሞክሩ፣ ጡትሽም አሳብሽም ቤት ነው የሚሆነው። ሩቅ ሳይሆን ሰፈራችሁ ውስጥ ያለች ቡና ቤት ትበቃለች፣ ስልክሽ ክፍት ይሁን። «ሕፃን ትታ ትዞራለች» የሚል ጎረቤት ካለ እናትሽ ራሳቸው መልስ ይሰጡታል፣ አንቺ አፍ አትካፈቺ። ይዛችሁ ስትወጡ ደግሞ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ፀሐዩ ከባድ ነው። ባልሽ ይዘለው፣ አንቺ እጅሽን አወዛውዘሽ ሂጂ። ሐይቅ ዳር ንፋስ ስላለ ኮፍያውን እንዳትረሱ፣ በወባ ትንኝ ምክንያትም ጀምበር ሳትጠልቅ ተመለሱ።