ደም ኦክስጅን ጠግቦ እግር ለምን ይዝላል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ሶምሶማ ሩጫና ስለ ትንፋሽ ማጠር ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ አንድ ስም ደጋግሞ ይነሳል፤ ዶፓሚን። ዛሬ አምስቱን መርጬ እመልሳለሁ።

«ዶክተር፣ እኔ የማውቀው ዶፓሚን የደስታ ሆርሞን ነው ሲባል ነው። ከሳንባ ጋር ምን አገናኘው?» (ከአዳማ)

እህቴ፣ ስም ወጥቶለት ነው እንጂ የዶፓሚን ሥራ ብዙ ነው። አንጎል ውስጥ መልእክት አስተላላፊ ነው። ፍላጎታችንንም እንቅስቃሴያችንንም ይመራል። ይህን ለማወቅ በር የከፈተው ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጀመረው ሥራ በ2000 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል።

በደማችን የሚዞረው ዶፓሚን ግን ሥራው ሌላ ነው። ደምና አንጎል መሃል አጥር ስላለ ወደ አንጎል አይገባም። መልእክቱን የሚሰሙት ልብ፣ ኩላሊት፣ የሳንባ ደም ስሮችና አንገታችን ውስጥ ያሉ፣ የደምን ኦክስጅን የሚቆጣጠሩ ትንንሽ አካላት ናቸው። ጠንከር ያለ ስፖርት ስንሠራ በደም ያለው መጠን ይጨምራል። ከዚህ በታች የማወራው ስለዚህኛው ነው።

«እንጦጦ ላይ እሮጣለሁ። ቁጭ ስል ጣቴ ላይ የማደርገው የኦክስጅን መለኪያ 94 ይላል። ዳገቱን በሙሉ ኃይሌ ወጥቼ ስለካ 88 አሳየኝ። ሳንባዬ ታሞ ይሆን?» (ከአዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ በዚህ ብቻ ታመሃል አልልህም። መጀመሪያ መለኪያውን እንጠርጥር። ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ከተንቀሳቀሰ ቁጥሩ ይዛባል። እጅህን አሙቀህ፣ ቆመህ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቀህ ለካ።

ቁጥሩ እውነት ቢሆንም ምክንያት አለው። ቁጭ ስንል ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ስንሮጥ 20 ሊትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ያ ሁሉ ደም በሳንባ በኩል ማለፍ አለበት። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ቁጭ ባልንበት ከአየር ከረጢቶቹ አጠገብ የሚቆየው 0.75 ሴኮንድ ገደማ ነው። ኦክስጅን ለመሙላት የዚያ ሲሶ ይበቃዋል። ስንሮጥ ግን ጊዜው ያጥራል። በዚያ ላይ እንጦጦ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባው ዘግየት ብሎ ነው። ሕዋሱ ሳይሞላ ይሄዳል ማለት ነው። ጥሩ ልምምድ ያላቸው ሯጮች ደግሞ ልባቸው ብዙ ስለሚረጭ ይህ ይብስባቸዋል።

ቁጭ ብለህም ከወትሮው ከወረደ፣ አርፈህ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ደረትህን ካመመህ ወይም ራስህን ከሳትክ ግን ሳትውል ሳታድር ታየው።

«የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ሾክ ውስጥ ላለ (የደም ግፊቱ ክፉኛ ለወረደ) ታካሚ ዶፓሚን በደም ስር በድሪፕ ተጀመረለት። ግፊቱ ተሻለ፣ ኦክስጅኑ ግን ከ96 ወደ 91 ወረደ። እንዴት ነው?» (ከባሕር ዳር)

በደንብ አይተሻል። ሳንባ ብልህ ነው። አየር የማይደርሰው ክፍል ካለ እዚያ ያሉትን ደም ስሮች አጥብቦ ደሙን ጤነኛው ክፍል ውስጥ ይልከዋል። ዶፓሚን ልብ ብዙ እንዲረጭ ያደርጋል። ደሙ ሲበዛ በታመመው ክፍልም ያልፋል፤ ኦክስጅን ሳይዝ ይመለሳል። በራሱ የሚተነፍስ ታካሚ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። አንገት ውስጥ ያሉት ተቆጣጣሪዎች ኦክስጅን ሲያንስ «ተንፍስ!» ብለው የሚጮሁ ናቸው። ዶፓሚን በትንሽ መጠንም ቢሆን ድምፃቸውን ይቀንሰዋል።

ድሪፑን በራስሽ እንዳትነኪው። የጣት መለኪያውን፣ የታካሚውን አተኛኘትና አክታውን እይና ለሐኪሙ ንገሪ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ 1,679 ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት፣ ዶፓሚን የተሰጣቸው ላይ የልብ ምት መዛባት፣ ኖርአድሬናሊን የሚባለው ሌላው የግፊት ማንሻ መድኃኒት ከተሰጣቸው በእጥፍ ገደማ በዝቶ አግኝቷል። ዛሬ ዛሬ ኖርአድሬናሊን የሚቀድመው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

«ዶፓሚንን የሚያግድ መድኃኒት ስፖርት ላይ የደም ኦክስጅን ይጨምራል የሚል አነበብኩ። ከውድድር በፊት ብወስደው ይጠቅመኛል?» (ከዋሽንግተን)

አይጠቅምህም፤ ይጎዳሃል። ያነበብከው ግን እውነት ነው፤ ታሪኩ ስለሚገርመኝ ትንሽ ላብራራው።

ሳንባ ውስጥ ደም የአየር ከረጢቶቹን ሳይነካ የሚያልፍባቸው አቋራጭ ስሮች አሉ። ቁጭ ስንል አብዛኞቻችን ላይ ዝግ ናቸው፤ በከባድ ስፖርት ይከፈታሉ። የሚታዩት እንዲህ ነው። ጨዋማ ውሃና ትንሽ አየር በሁለት ስሪንጅ ወዲያና ወዲህ ሲገፋ ውሃው ይደፈርሳል፤ ጥቃቅን አረፋ ይሆናል። ያ በክንድ ደም ስር ይሰጣል። የልብ አልትራሳውንድ ላይ ቀኝ ልብ እንደ ነጭ ጤፍ በተበተነ ነጠብጣብ ሲሞላ ታያለህ። ሳንባ አረፋውን ስለሚያስቀር ግራው ጥቁር እንደሆነ ይቆያል። ከጥቂት የልብ ምት በኋላ ግራው ላይም ነጠብጣብ ከታየ አቋራጩ ተከፍቷል። ጤነኛ ሰዎች አርፈው ሳሉ ዶፓሚን በደም ስር ሲሰጣቸው ይኸው ታይቷል።

እንግዲህ የካናዳ ተመራማሪዎች እንዲህ አሰቡ። ዶፓሚንን ብናግድ አቋራጩ ይዘጋል፣ ኦክስጅንም ይሻሻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት 12 ጤነኛ ወንዶች 20 ሚሊ ግራም ሜቶክሎፕራማይድ ውጠው ሳይክል ነዱ። እኛ አገር ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ፕላሲል ማለት ነው። ከአቅማቸው 85 በመቶ ላይ ሲደርሱ የደም ኦክስጅናቸው በእርግጥም ተሻለ፤ ትንፋሻቸውም ጨመረ። አረፋው ግን እንደ በፊቱ ማለፉን ቀጠለ! ስለዚህ መሻሻሉ አቋራጩ ስለተዘጋ አልነበረም። እኔ ዶፓሚን የአንገት ተቆጣጣሪዎቹን ዝም በማሰኘት ትንፋሹ ላይ የጣለው ልጓም መላላቱ ድርሻ አለው ብዬ አስባለሁ።

ዋናው ነገር የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ልባቸው ሊረጭ የሚችለው ከፍተኛ መጠን ቀነሰ፤ ቶሎም ደከሙ። ጡንቻ የሚፈልገው ደሙ ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘ ብቻ አይደለም፤ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚደርሰውም ነው። የታክሲ ሰልፍ አስብ። ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቶ ቢሄድም ምልልሱ ከቀነሰ ሰልፉ አያልቅም። ፕላሲል አንጎልም ውስጥ ስለሚገባ የድካሙ ምክንያት ልብ ብቻ ነው አልልም።

እባክህ አትሞክረው። ይህ መድኃኒት በተለይ ወጣቶች ላይ አንዳንዴ አንገት ያጣምማል፤ ዓይን ወደ ላይ ገልብጦ ያስቀራል። ያየ ሰው አይረሳውም። እንዲህ ከሆነ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው።

«አባቴ ጎንደር ነው። ለፓርኪንሰን ሌቮዶፓ ይወስዳል። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጥ ከሆነ፣ የእግር ጉዞ ሳንባውን አይጎዳበትም?» (ከዱባይ)

አይጎዳውም፤ እንዲያውም መራመዱ ይጠቅመዋል። ከሌቮዶፓ ጋር ካርቢዶፓ የሚባል መድኃኒት አብሮ የሚሰጠው ከአንጎል ውጪ ወደ ዶፓሚን እንዳይለወጥ ነው። ጉዞውን መድኃኒቱ በደንብ በሚሠራበት ሰዓት ያድርጉ። ግፊታቸው ሊወርድ ስለሚችል ከመቀመጫ ሲነሱ ቀስ ይበሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቢያቅለሸልሻቸው ፕላሲል እንዳይሰጣቸው፤ የፓርኪንሰን ሕመሙን ያብስባቸዋል። አብሯቸው ያለው ሰው የመድኃኒቱን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ ኪሳቸው ውስጥ ያድርግላቸው። ፋርማሲም ሆነ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ቀድመው ያሳዩት።