መድኃኒት ስወስድ ይደርቃል፣ ሳቆም ይመለሳል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ31 ዓመት ወንድ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከሞተር ሳይክል ወድቄ ቅልጥሜ ተሰብሮ ብረት ገባልኝ። አጥንቱ ገጥሟል፣ ግን ከዓመት በኋላ ቅልጥሜ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተከፈተችና መግል ታወጣ ጀመር። ከፋርማሲ ኪኒን ገዝቼ ስወስድ ትደርቃለች፣ ባቆምኩ በወሩ ትመለሳለች። ሰሞኑን ከመግሉ ጋር የሩዝ ፍሬ የምታህል አጥንት ወጣች። ሐኪም «ተከፍቶ መጠረግ አለበት» አለኝ። እናቴ ደግሞ «እግርህን ሊቆርጡት ነው፣ ፀበል እንሂድ» ትላለች። ጠንከር ያለ መርፌ አይበቃኝም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይበቃህም። ያለብህ ሥር የሰደደ የአጥንት ኢንፌክሽን ነው። ያቺ የሩዝ ፍሬ የምታህል አጥንት የሞተ አጥንት ናት፤ ውስጥም ሌላ ሳይኖር አይቀርም።

አንቲባዮቲክ በኪኒንም ይሁን በመርፌ የሚጓዘው በደም ነው። የሞተ አጥንት ደግሞ ደም አይደርሰውም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ደጅ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። ባክቴሪያው፣ ብዙ ጊዜ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው ነው፣ ሙት አጥንቱና ብረቱ ላይ እንደ ንፍጥ ያለ ሽፋን ሠርቶ ተደብቆ ይቀመጣል። ኪኒኑ ዙሪያ ያለውን ሲገድል ቀዳዳዋ ትደርቃለች፣ አንተም ዳንኩ ብለህ ታቆማለህ፣ የተደበቀው እንደገና ይራባል። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ስትዞር ኖረሃል።

ለእናትህ ንገራት፦ መጥረግ ማለት እግር መቁረጥ አይደለም። ሐኪሙ ቀዳዳዋን ተከትሎ ገብቶ የሞተውን አጥንት ለቅሞ ያወጣል፣ ዙሪያውንም ይፍቃል። የት ላይ ማቆም እንዳለበት በምን ያውቃል? ሕይወት ያለው አጥንት ሲፋቅ ጠብ ጠብ እያለ ይደማል፣ ቀይ ቅመም የተነሰነሰበት ይመስላል። ፈረንጆቹ «የፓፕሪካ ምልክት» ይሉታል፤ እኛ ብንሰይመው በርበሬ እንለው ነበር። ያንተ አጥንት ስለገጠመ ብረቱም አብሮ ሊወጣ ይችላል። ባይገጥም ኖሮ ከውጭ የሚታሰር ብረት ያስፈልግህ ነበር።

ከተጠረገ በኋላ ጉድጓድ ይቀራል። እሱ ባዶ ከተተወ ደም ይቋጥርና ነገሩ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት የአጥንት ሲሚንቶ እንደ ዶቃ ተሠርቶ ይቀመጥበታል፣ ወይም ከባትህ ጡንቻ ተገልብጦ ይሸፈናል። አንዳንዴ ሁለተኛ ኦፕሬሽን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፣ እንዳትደነግጥ። አጥንቱ በሰፊው ከጎደለ ደግሞ የሳይቤሪያው ሐኪም ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ የፈጠረው፣ እግርን ከውጭ የሚከብ የብረት ቀለበት አለ፤ ጤነኛውን አጥንት በቀን 1 ሚሊ ሜትር እያንቀሳቀሰ ክፍተቱን ይሞላል። ለ5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት 50 ቀን ማለት ነው፣ አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ያለውን ወራት ሳንቆጥር። ትዕግሥት ይፈልጋል።

አሁን አንድ ነገር አደራ፦ ከፋርማሲ ኪኒን መግዛት አቁም። ከኦፕሬሽኑ በፊት ትኩሳት ከሌለህ ሐኪምህ ሁለት ሳምንት ያህል ያለ አንቲባዮቲክ እንድትቆይ ሊያደርግህ ይችላል፤ አለዚያ ለካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ ለመለየት) የሚወሰደው አጥንት ላይ ባክቴሪያው አይበቅልም። ከቀዳዳዋ መግል ጠርጎ መመርመርም ያሳስታል፣ የቆዳውን ባክቴሪያ ነው የሚያሳየው። ናሙናው ከውስጥ፣ ከተለያየ ቦታ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ያህል መድኃኒት ትወስዳለህ። ሁሉም በመርፌ ላይሆን ይችላል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ከ1,000 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት የእንግሊዝ ጥናት በደንብ የተመረጠ ኪኒን ከመርፌ እንደማያንስ አሳይቷል።

ሲጋራ ካለ ተወው፣ አጥንት እንዳይገጥም ያደርጋል። ስኳርህንም ተለካ። በሽታው ከተጠረገ በኋላም ሊመለስ ይችላል፣ አልዋሽህም። ግን ቀዳዳዋን ለብዙ ዓመት ክፍት መተው አንዳንዴ የቆዳ ካንሰር ያመጣል፣ እናትህ የፈራችው መቆረጥ ያኔ ነው የሚመጣው። ፀበሉን አልከለክልህም፣ ቀጠሮህን ግን አትሰርዝ።

ስትሄድ የድሮ ኤክስሬይህንና ብረቱ የገባበትን ወረቀት ፈልገህ ያዝ። የብረቱን ዓይነት ካወቁ መፍቻውን ቀድመው ያዘጋጃሉ።